አራተኛው ማረፊያ

መስኮቱ ላይ በልብስ መቆንጠጫ የተንጠለጠለው ጥቁር ላስቲክ ፀሐይን ያስቀራል ተብሎ ነበር፤ የማስካት ፀሐይ ግን በላስቲክ የምትመለስ አይደለችም፣ በግድግዳው ዘልቃ ነው የምትገባው፤ ሬስቲቱታ ሻሿን ዓይኗ ላይ ጣል አድርጋ በጀርባዋ ተጋድማለች። ሌሊቱን ሙሉ የሆስፒታል ኮሪደር ስትወለውል ላደረች ሴት እንቅልፍ እንደ ድንጋይ ሊጫናት ይገባ ነበር። አልመጣም። በወዲያኛው አልጋ አብራት የምትኖረው ዛም ታንኮራፋለች፣ ማቀዝቀዣው ያጓራል፣ እሷ ደግሞ አሁን አገር ቤት ስንት ሰዓት ይሆን ትላለች፤ እዚያ በአንድ ሰዓት ወደኋላ ነው፤ እንግዲህ ልጃገረዶቹ የበቆሎ አጥሚታቸውን ጠጥተው፣ ሰማያዊ ሹራባቸውን ለብሰው፣ ከክዮቴራ ወጣ ብሎ ኮረብታው ላይ ወዳለው የትምህርት ቤታቸው ጸሎት ቤት እየተሰለፉ ነው፤ የጾም ዓርብ ነው፤ አራት ሰዓት ላይ ቅዳሴው ይገባል፤ ከቅዳሴው በኋላ አባ በግድግዳው ዙሪያ የተሰቀለውን የመስቀል መንገድ፣ የጌታን የሕማም ጉዞ ሥዕሎች፣ እየጸለዩ ይዞሩና አራተኛው ማረፊያ ላይ ሲደርሱ መሸፈኛው ይነሣል፤ ልጇ ፕሮሲ ለማስተር ዴዎ መታሰቢያ የሳለችው ይገለጣል። እህቷ ሊዮካዲያ፣ "በስልኬ አንሥቼ እልክልሻለሁ፤ አንቺ ተኚ፣ ስትነሺ ታገኚዋለሽ" ብላለች። ተኚ። እዚያ ግድግዳ ላይ የማን ፊት እንዳለ ሳያውቅ ሰው እንዴት ይተኛል።

ማስተር ዴዎ የሥዕል አስተማሪ ነበሩ። ሙሉ ስማቸው ዴዎግራሲያስ ካቩማ ነው፤ ግን በዚያ አገር ከመቃብራቸው መስቀል በቀር በሙሉ ስማቸው የጠራቸው የለም። ሂሳብና ፊዚክስ በሚከበርበት ትምህርት ቤት ለሥዕል የተገኘላቸው ክፍል የማቶኬ፣ የሚቀቀለው ሙዝ፣ ማከማቻ የነበረ ነው፤ "ሙዙ ወጣ፣ ሙዝ የሚስሉ ገቡ" እያሉ ይስቁ ነበር። አስተማመራቸው እንደ ሌላው አልነበረም። አንድ ነገር ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣሉ፣ ማሰሮ ይሁን ጫማ ይሁን የሞተ ቢራቢሮ፤ ልጆቹ እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው፣ በልባቸው አሥር ጊዜ "ሰላም ለኪ ማርያም" እስኪደግሙ ድረስ ዝም ብለው ያዩታል፤ እርሳስ መንካት የለም፤ ከዚያ "ዙሩ" ይላሉ፤ ልጆቹ ለጠረጴዛው ጀርባቸውን ሰጥተው ይቀመጡና ይስላሉ። ዞሮ ማየት ክልክል ነው። "የሚታየውን ለማንሣትማ ስልክ አለ፤ እናንተ የቀረላችሁን ሳሉ።" ሬስቲ ይህን ሁሉ የምታውቀው ከፕሮሲ አፍ ነው። "ማማ፣ ዛሬ የማስተርን ጫማ ሳልን፤ እኔ ቀዳዳውን ብቻ ሳልሁት፣ የቀረልኝ እሱ ነበር" ብላ ስትስቅ ትሰማታለች። ልጅቷ ስትደውል ትንበረከካለች፤ ደህና ያደገች የጋንዳ ልጅ ለእናቷ ሰላምታ ስታቀርብ ትንበረከካለች፣ እናቲቱ ባሕር ማዶ ብትሆንም። ጉልበቷ ሲሚንቶውን ሲነካው በስልኩ ውስጥ ይሰማል። "ተንበርክከሽ ነው?" "አዎ ማማ።" "ወለሉ ይቀዘቅዛል፣ ተነሺ ልጄ።" "እሺ ማማ።" አትነሣም።

ማስተር አሥራ አራቱን ማረፊያዎች በሉቡጎ ላይ ልሳል ብለው ተነሡ፤ ከሙቱባ ዛፍ ተልጦ፣ በእንጨት መዶሻ ተቀጥቅጦ፣ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ የቀይ አፈር መልክ በሚይዘው የልጥ ጨርቅ ላይ። ሽማግሎቹ አጉረመረሙ። ልጥ የሬሳ ልብስ ነው፣ አያት ቅድመ አያቶቻችን የተገነዙበት ነው፣ እንዴት ጸሎት ቤት ይሰቀላል አሉ። ማስተርም፣ "ታዲያ ጌታ ወዴት እየሄደ ነው? ሠርግ?" አሏቸው፤ ነገሩ በዚያው አለቀ። ፊቶቹን ሁሉ ከዚያው ከደብሩ ሰው ወሰዱ። መስቀሉን የሚያግዘው ስምዖን በቦዳ ሞተሩ የሰው ሬሳ ሳይቀር በነጻ የሚያደርሰው ካጂምቡ ነው። የጌታን ፊት የምትጠርገው ቬሮኒካ የትምህርት ቤቱ ወጥ ሠሪ ማማ ገርትሩዳ ናት። ጲላጦስ ደግሞ ክፍያ የጎደላቸውን ልጆች ከነፍራሻቸው ወደ ቤት ይመልስ የነበረው የድሮው ገንዘብ ያዥ ሆነ፤ ሰውዬው ሥዕሉ ፊት ቆሞ ጢሙን እየዳሰሰ፣ "የማውቀው ሰው ይመስለኛል" አለ ይባላል። ሬስቲ ይህን ለዛም ስታወራላት፣ ዛም የሐይቅ ዳሯ የጂንጃ እስላም ናት፣ ጨዋታ ካገኘች እንቅልፏን ትተዋለች፣ "አሥራ አራት ቦታ ታስቆሙታላችሁ? የማሳካ ታክሲ ነው እንዴ?" አለቻት። "አንቺ ታክሲ የት ታውቂያለሽ፣ በጀልባ ያደግሽ" ብላ መለሰችላት፤ ያን ቀን ተሳሳቁ። አሥራ ሦስቱ አለቁ። አራተኛው ብቻ፣ ጌታ መስቀሉን እንደተሸከመ ከእናቱ ጋር የሚገናኝበት፣ ጨርቁ ተወጥሮ ባዶውን ቀረ።

ባዶ የቀረው በእኔ ነው ትላለች ሬስቲ፣ ሻሹን ከዓይኗ ታነሣና መልሳ ጣል ታደርገዋለች። ልጅቷን ትምህርት ቤት አድርሳ የሄደችበት ያ ቀን ይመጣባታል። ፕሮሲ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፣ አንገቷ ከኮሌታው ውስጥ እንደ ጫጩት አንገት ወጥቷል፣ ፍራሹና የቆርቆሮ ሣጥኑ በሩ ላይ ወርደዋል፤ መንገዱ ጭቃ ስለሆነ ሞተሩ ጠምዛዛው ጋ ቆሟል፣ አውሮፕላኑ ማታ ነው፣ ኤንቴቤ ሩቅ ነው። ይህችን ልጅ አባቷ ከሞተ ወዲህ እስከ አራት ዓመቷ ከጀርባዋ አላወረደቻትም፤ ሙዝ ስትቆርጥ አዝላት፣ ውኃ ስትቀዳ አዝላት፣ ቅዳሴ አዝላት፤ "እግር አልሠራላትም እንዴ" እያለ ሰው እስኪስቅባት ድረስ። አሁን በሩ ላይ እቅፍ አድርጋ ልትስማት ትፈልጋለች፤ ብታቅፋት እንደማትሄድ ታውቃለች። በሩ አጠገብ ረጅም ቀጭን ሰው ቆሞ ነበር፣ የሸሚዙ ክንድ ቀለም የነካው። "ልጄን አደራ" አለቻቸው፤ ማን እንደሆኑ እንኳ አልጠየቀችም። ለልጅቷም፣ "ግቢ፤ ቆመሽ አትይኝ" አለቻት። ሄደች። አልዞረችም። ዘወር ብትል ኖሮ ዛሬ ማስካት ውስጥ አትተኛም ነበር፤ ፕሮሲም ትምህርቷን ጨርሳ ለፈተና አትቀርብም ነበር፤ እንዲህ ብላ ነው አምስት ዓመት ሙሉ ራሷን ያስታመመችው። ደግሞም ልጅቷ ገብታለች። ግቢ ብያታለሁ፣ ታዛዥ ልጅ ናት፣ ገብታለች፣ ስሄድ አላየችኝም።

አንድ ቀን ማስተር ራሳቸው ደወሉላት፣ የፕሮሲን ስልክ ተውሰው። "ማማ ፕሮሲ፣ እንዴት ሰነበትሽ? እኔ እንኳ አንድ ፊት ቸግሮኝ ነው። የእመቤታችን ፊት።" "ምን ልርዳዎት፣ ማስተር?" "መጥተሽ አንድ ጊዜ ልይሽ። ያን ቀን በር ላይ አይቼሻለሁ፤ ግን ለአሥር ሰላም ለኪ አልበቃም።" እሷ ደነገጠች። "ኧረ እኔ ማን ሆኜ ነው?" "እሷም መልአኩን እንደዚያው ነው ያለችው፤ እንግዲህ ጀምረሽዋል። መቼ ትመጫለሽ?" "ለገና።" "ለየትኛው ገና?" ሳቁ፣ ሳቋ መጣ። "እኔ እጠብቃለሁ፤ እመቤታችንም ትጠብቃለች፤ ጨርቁን ግን ምስጥ ሳይጠብቀው ነይ።" ያም ገና አለፈ፣ ሌላውም ገና አለፈ፤ ውል አደሰች፣ የፕሮሲ የመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ናቸው፣ እነሱን ካሻገርኋት ወዲያ አለች። ሰው ወዲያን የሚያውቅ ይመስል። በዚህ ዓመት ትምህርት እንደተከፈተ፣ ማስተር የዓይን መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ፤ ዛሬ ይህን እዩ አሉ። ልጆቹ አዩ። "ዙሩ፤ የቀረላችሁን ሳሉ" አሉ። ልጆቹ ዞሩ። ከኋላቸው ወንበሩ አንዴ ተንቋቋ፣ ከዚያ ዝም። ማስተር ዝም ሲሉ ዝም ነው፣ ዞሮ ማየት ክልክል ነው፤ ደወሉ እስኪደወል ድረስ ጎንበስ ብለው መነጽሩን ሳሉ። ፕሮሲ የፊተኛው ወንበር ላይ ነበረች፣ ክንዷን ወደኋላ ብትዘረጋ የምትነካቸው ያህል። "ማማ፣ ብዞር ኖሮ" ትላለች በስልክ። "ብዞር ኖሮ፣ ማማ።" ሬስቲም፣ "ልጄ፣ እሳቸው አትዙሩ ብለዋል፤ ታዘዝሽ" አለቻት፤ ሌላ ምን ትበላት። ያን ቃል ግን ለልጅቷ ስትሰጣት ለራሷ ሊሆናት እምቢ አለ።

ለቀብሩ ልሂድ ብላ የጽዳት ኃላፊውን ለመነችው። ኃላፊው የኬረላ ሰው ነው፣ ክፉ አይደለም። ኮምፒውተሩን ከፈተ። "ማን ሞተ? አባት፣ እናት፣ ባል፣ ልጅ፤ የትኛው ነው?" "የልጄ አስተማሪ።" "አስተማሪ የሚል የለውም።" ስክሪኑን አዞረላት፣ እውነትም የለውም። "አባት ልበለው?" አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ "ማንም አያጣራም።" የራሷ አባት በሕይወት አሉ። እዚያ ክዮቴራ ጓሯቸው ውስጥ ሙዛቸውን እየኮተኮቱ ያሉ ሰው፣ እዚህ በማሽን ውስጥ እንዴት ይገደላሉ። "አይሆንም" አለችው። "እንግዲያው አይሆንም" አላት እሱም፣ አዘነ። እስካሁን ታሰላስለዋለች። ምናልባት አባቷ ቢሰሙ ይስቁ ነበር። ምናልባት፣ "ግደይኝ ልጄ፣ ሄደሽ ቅበሪያቸው" ይሏት ነበር። ምናልባት ያ ውሸት አይደለም፣ ያ ሰው ለልጄ አባት ነበርና። እውነት ብላ የያዘችው ነገር ፍርሃት ይሁን እውነት እግዚአብሔር ያውቃል።

መሄዱ ካልሆነ፣ ለመግነዛቸው ልጥ ልላክ አለች፤ ወዳጅ ሲሞት ልጥ ይዞ መድረስ የአገሯ ደንብ ነው። ዛሬ ብዙው ሰው በልጥ ፈንታ ገንዘብ ይሰጣል። እሷ ግን ለሊዮካዲያ ደውላ፣ "ገንዘብ አይደለም፤ ራሱን ልጡን፣ አዲስ የተቀጠቀጠ" አለቻት። ሊዮካዲያ ቀጥቃጩ ዘንድ ሄደች፤ ያለ ወራቱ ዝናብ ጣለ፤ ልጥ ያለ ፀሐይ አይደርቅም። "ቀባሪው ወጣ እኮ፣ እኔ እርጥብ ልጥ ይዤ ፀሐይ እለምናለሁ" ብላ ደወለች፤ ግማሽ ሳቅ ግማሽ ልቅሶ ነበር። "ታዲያ በምን ገነዟቸው?" "በራሳቸው። ለአራተኛው ወጥረውት በነበረው።" ያ የሷን ፊት ሲጠብቅ የነበረው ጨርቅ። እሱን ለብሰው ወረዱ። "እኔ ደግሞ ይህን ምን ላርገው?" አለች ሊዮካዲያ። "ለሬሳ የተባለ ልጥ ተመልሶ ቤት አይገባም፤ ልጆች አሉኝ።" አዙራ ወደ ትምህርት ቤቱ ወሰደችው፣ በሩ ላይ ለፕሮሲ ሰጠቻት፤ ፕሮሲም በማስተር ባዶ የእንጨት ክፈፍ ላይ ወጠረችው። አባ፣ "ጨርሺላቸው" አሏት።

ስለዚህ ፕሮሲ ደወለች። "ማማ፣ ላይሽ እፈልጋለሁ። ብርሃኑ ወዳለበት ዙሪ። አትሳቂ።" "አልሳቅሁም፣ ጥርሴ ነው።" ከአልጋው በኩል ዛም፣ "ድንግል ማርያም እንዲህ ዓይኗ አብጦ አያውቅም፤ ውኃ ላምጣላት?" ብላ ጣልቃ ገባች፤ ልጅቷ ሳቀች። ሬስቲ አልጋዋ ጫፍ ላይ ጉልበቷን ገጥማ፣ የደንብ ልብሷን ሳታወልቅ ተቀመጠች፤ በዚያች ትንሽ የስልክ መስኮት ውስጥ ልጇ እጆቿን ወደኋላ አጣምራ ታያታለች፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ይታያል። እሷም አብራ ደገመች፤ ሰላም ለኪ ማርያም፣ ሰላም ለኪ ማርያም። እንዲህ ሆና በሰው ታይታ አታውቅም። እዚህ አገር ሰው የሚያየው መወልወያውን ነው። አሥሩ ሳያልቅ መስመሩ ተቆረጠ። መልሳ ስትደውል ፕሮሲ፣ "ይበቃል ማማ" አለቻት፣ ድምፏ ሌላ ሆኖ። "ፊትሽን አልጠቀምበትም።" "ምን ጎደለው?" "ምንም። የምፈልገው እሱ አይደለም።" ሬስቲ አልጠየቀችም። "እንዳሻሽ ልጄ፤ ሥዕሉ ያንቺ ነው" አለች፤ ስልኩን አስቀመጠች።

ከዚያ ወዲህ ነው እንቅልፍ ያጣችው። የማን ፊት ይሆናል፤ የሊዮካዲያ ነዋ። የጉብኝት እሑድ በመጣ ቁጥር የተጠበሰ ዶሮ በሙዝ ቅጠል ጠቅልላ ኮረብታውን የምትወጣው ሊዮካዲያ ናት፤ ወባ ሲይዛት ያስታመመቻት እሷ ናት፤ ልጅቷም እንደ አገሩ ደንብ "ትንሿ ማማ" ነው የምትላት፤ ትንሿ ማማ። ደግ። ይገባታል። እመቤቴ ሆይ፣ ይገባታል፣ እኔ ቅናት አይደለም የያዘኝ፤ ነው እንጂ፣ ላንቺ ምን ይደበቃል፣ ቅናት ነው፤ እህቴ ናት፣ ልጄን አሳደገችልኝ፣ እኔ ደግሞ ከግድግዳ ላይ ፊቷን ልፍቅ እላለሁ። እዚያ አምስት ሰዓት ሆኗል። ቅዳሴው አልቆ አባ ወጥተዋል። አሁን አንደኛው ላይ ናቸው፣ ጌታ ሞት ተፈረደበት፣ ገንዘብ ያዡ እጁን ይታጠባል። ሁለተኛው። ሦስተኛው፣ የመጀመሪያው መውደቅ። ትንበረከካለች አልጋው አጠገብ፣ መቁጠሪያዋ በእጇ፤ እዚያም ልጃገረዶቹ ተንበርክከዋል። እንግዲህ ቆሙ። አሁን።

ስልኩ ተንቀጠቀጠ። ምስሉ ከላይ ወደ ታች በቀስታ ነው የሚከፈተው። ቀይ የልጡ መልክ። የአንድ ሴት ራስ፣ ከኋላ። ሻሽ። ጫፉ የቆመ የጎሜሲ፣ የአገሯ ሴቶች ቀሚስ፣ ትከሻ፣ አረንጓዴ፤ የራሷ ጎሜሲ ነው፣ ያን ቀን የለበሰችው፣ ኤንቴቤ ላይ አውልቃ በሊዮካዲያ እጅ ወደ ቤት የመለሰችው። የሊዮካዲያ ፊት የለም። የማንም ፊት የለም። ሴቲቱ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች፤ ከትከሻዋ ባሻገር ጌታ ከመስቀሉ ሥር ቀና ብሎ ያያታል፣ ፊቷ ለሱ ብቻ ነው የሚታየው። ከሕዝቡ መካከል ወደ ዳር፣ ሰው ሁሉ ሲጯጯህ፣ አንድ ረጅም ቀጭን ሰው እጆቹን ወደኋላ አጣምሮ፣ ከንፈሩን ገርበብ አድርጎ ዝም ብሎ ያያል፤ የሸሚዙ ክንድ ቀለም ነክቶታል። ማስተር ዴዎ። ሬስቲ አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ የምስሉ ታችኛው ክፍል ተከፈተ፣ የሴቲቱ ግራ እጅም ታየ፤ ወደኋላ ታጥፎ፣ ከወገቧ ዝቅ ብሎ፣ መዳፉ ወደ ላይ ተገልብጦ። ስሕተት መሰላት።

ፕሮሲ ደወለች። ጉልበቷ ሲሚንቶውን ሲነካው ተሰማ።

"ማማ፣ አየሽው?"

"አየሁት። ማስተርን አየኋቸው። የሴቲቱ እጅ ግን ምን ሆኖ ነው?"

"ያንቺ ነው። ያን ቀን እንደዚያ ነበር፤ እስከ ጠምዛዛው ድረስ።"

"ግቢ ብዬሽ አልነበረም?"

"ብለሽኝ ነበር።" ከኋላዋ ልጃገረዶች አምስተኛውን ማረፊያ ሲዘምሩ ይሰማል። "ማስተር ፍራሼን አነሡልኝና፣ 'መጀመሪያ አሥር ሰላም ለኪ አለሽ፤ እጅሽን ወደኋላ አድርጊና እያት' አሉኝ። እስክትጠፊ አየሁሽ። ከዚያ፣ 'ዙሪ፤ የቀረልሽን እንስላለን' አሉኝ። የመጀመሪያ ሥዕሌ ነው፤ ለማንም አላሳዩትም። በስልክ ሳይሽ ጊዜ ፊትሽን አገኘሁት፣ ማማ፤ ግን የቀረልኝ እሱ አልነበረም። ተቀየምሽኝ?"

"አልተቀየምሁም።"

"ማማ ገርትሩዳ 'ፊቷስ?' አለች፤ ትንሿ ማማ ግን ስታየው መሬት ላይ ተቀመጠች። እጅሽን ለምን እንደዚያ እንዳደረግሽው ግን እስከ ዛሬ አላውቅም። የያዝሽው ነገር አልነበረም።"

"ሂጂ ልጄ፣ ጸሎቱን ጨርሺ" አለቻት። "ተነሺ፣ ወለሉ ይቀዘቅዛል።" ዛሬ ልጅቷ ተነሣች፤ ስትነሣ ተሰማት፤ መስመሩ ተዘጋ።

ዛም ከብርድ ልብሷ ራሷን አወጣች። ሬስቲቱታ ከአልጋው አጠገብ ቆማለች፣ መቁጠሪያዋ ወለል ላይ ወድቋል፤ ግራ እጇ ወደኋላ ታጥፏል፣ ከወገቧ ዝቅ ብሎ፣ መዳፉ ወደ ላይ፣ ያዘለችውን ልጅ ከሥር እንደምትደግፍ እናት።

"ሬስቲ፣ ወገብሽን አመመሽ እንዴ?"

"የለም፣ ተኚ።"

"ታዲያ እጅሽን ምን ሆነሽ ነው?"

"ምንም" አለች። እጇን ግን አላወረደችውም።